ጭብጨባው ለየትኛው እጅ ነው?

ጂም አቦት ጓንቱን እንደ ሌሎች የቤዝቦል ተጫዋቾች እጁ ላይ አጥልቆ አይወረውርም ነበር። ጓንቱ ጣት በሌለው የቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል። ኳሷን በግራው ይወረውራል። ኳሷ ከጣቶቹ ስታመልጥ፣ ሰውነቱ ገና ከውርወራው ሳይረጋ፣ ያው ግራ እጅ ጓንቱ ውስጥ ይገባል፤ መቺው መልሶ ቢለጋበት ለመቅለብ ዝግጁ ነው። ወደ እርሱ ከመጣች በጓንቱ ይይዛታል፤ ጓንቱን ከነኳሷ በቀኝ ክንዱና በጎኑ መካከል ይሸጉጠዋል፤ ግራ እጁን ይመዝዛል፤ ኳሷን ከጓንቱ ውስጥ አውጥቶ መቺው ሮጦ አንደኛው ቤዝ ሳይደርስ ይወረውራታል። ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ እንቅስቃሴ ነው። ነገሩን ያልሰማ ተመልካች ከላይኛው መቀመጫ ሆኖ ቢመለከት ምንም የተለየ ነገር መኖሩን ላያስተውል ይችላል።

ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 18 ሜትር ከግማሽ ቢሆን ነው። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የምትወነጨፍ ኳስ ያንን መንገድ ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም፤ ተለግታ ስትመለስ ደግሞ ትፈጥናለች እንጂ አትዘገይም። የጓንቱ ዘዴ ለሕዝብ የሚታይ ትርኢት አልነበረም። ጥርስን ከመርገፍ የማዳን ጉዳይ ነበር።

አቦት በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የዘመናችን ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመኪና ፋብሪካ ከተማ በሆነችው በሚሺጋኗ ፍሊንት ሲወለድ ቀኝ እጅ አልነበረውም። ሕፃን ሳለ የብረት መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት ነበር፤ አልወደደውምና ጣለው። የጓንቱን ዘዴ ከአባቱ ጋር ሆኖ ፈለገ። ዘዴው ከተገኘ በኋላ የቀረው ድግግሞሽ ነው፦ ኳሷን ከጡብ ግድግዳ ጋር ማላተም፣ ስትመለስ መቅለብ፣ እንደገና መወርወር፣ ሲለምደው ደግሞ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ጊዜውን ማሳጠር። በ1985 ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ፣ ፕሮፌሽናል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት፣ በ36ኛው ዙር ላይ መረጠው። አልሄደም፤ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ዩኒቨርሲቲው በሚገኝባት በአን አርበር ያሳለፋቸው ሦስት የውድድር ዘመናት በመዝገብ የሚታወቁ ናቸው። 26 ጊዜ አሸንፎ 8 ጊዜ ተሸነፈ። በ1987 በአገሪቱ ላለ ምርጥ አማተር ቤዝቦል ተጫዋች የሚሰጠውን የጎልደን ስፓይክስ ሽልማት ወሰደ። የዚያኑ ዓመት ለአማተር ስፖርተኞች በጠቅላላ የሚሰጠውን የሰለቫን ሽልማት ሲያገኝ ከቤዝቦል የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው በጋ በሃቫና የኩባን ብሔራዊ ቡድን በገዛ ሜዳው ረታ፤ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በተካሄደው የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች መክፈቻ የአገሩን ባንዲራ ተሸክሞ ገባ። በ2007 በኮሌጅ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። በ2009 ሚሺጋን 31 ቁጥር ማሊያውን ለክብሩ አስቀመጠ፤ ከእንግዲህ በዚያ ቡድን ማንም አይለብሰውም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ ማሊያ ተሰቅሎ፣ ማይክራፎን ተይዞ የሚከበረው ምኑ ነው? እሳት የምትተፋው ግራ እጅ ናት? ወይስ ያልነበረችው ቀኝ? ክብሩ ለስጦታው ከሆነ ስጦታውን የሰጠው ሌላ ነው። ለጉድለቱ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ራሱ አልጠየቀም፤ እንዲያውም የአንድ እጅ ባለቤት ስለሆነ ሳይሆን ወርዋሪ ስለሆነ እንዲመዘን እንደሚሻ ከወጣትነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ተናግሯል።

ስለ ስጦታ ከተነሣ፣ ጥያቄውን በክርስትና ውስጥ ከማንም ቀድሞ አፍርጦ የተናገረው ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ሰው ያለው ነገር ሁሉ የተቀበለው ከሆነ እንዳልተቀበለ አድርጎ የሚመካበት ምክንያት ምን እንደሆነ ይጠይቃል። የሚገርመው ይኸው ሰው በዚያው መልእክት፣ ጥቂት ምዕራፎች ዝቅ ብሎ፣ ስለ ሯጮችና ስለ ቡጢ ተጋጣሚዎች በአድናቆት መጻፉ ነው። ቆሮንቶስ በየሁለት ዓመቱ የኢስትምያ ጨዋታዎች የሚካሄዱበት አውራጃ እምብርት ነበረች፤ አሸናፊው የሚሸለመው በጥቂት ቀናት የሚጠወልግ የቅጠል አክሊል ነው። ጳውሎስ አክሊሉን ከንቱ ብሎ ጥረቱን ግን ለምእመናን ምሳሌ አደረገው። መመካትን ነቀፈ፤ መድከምን አልነቀፈም። በቤተ ክርስቲያን ያደገ አንባቢ ውዳሴ ከንቱ የሚባለውን ፈተና ያውቀዋል፤ ጳውሎስ እያስጠነቀቀ ያለው የሚወደሰውን ነው። ማወደስ ለሚወድደው ሕዝብ ያለው ምክር ግን ብዙ አይደለም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ያንኑ ጥያቄ ያለ ሃይማኖት ያነሣው የሃርቫርዱ ፈላስፋ ጆን ሮልስ ነው። በ1971 ባወጣው ስለ ፍትሕ በሚናገረው ታላቅ መጽሐፉ ተፈጥሯዊ ችሎታ እንደ ዕጣ የሚደርስ ነው አለ፤ ፈጣን እግር ይዞ መወለድ ከባለጸጋ ቤት ከመወለድ በምንም አይለይም፤ ማንም ሠርቶ አላገኘውም። ከዚያም ቆራጥ እርምጃ ጨመረ፦ ለመድከም ፈቃደኛ መሆን እንኳ ጥሩ ቤተሰብና ምቹ ሁኔታ የሚያወርሱት ነገር ነው። ይህ ከጳውሎስ ይልቅ የከረረ ነው። ፍሊንት ውስጥ ያን ግድግዳ ሲደበድብ የዋለውን ልጅ እናስብ። ጽናቱ የራሱ ነው እንበል ስንል ሮልስ ያቋርጠናል፦ አብሮት ዘዴ የሚፈልግ አባት ባይኖረውስ? ግድግዳው አጠገብ ሌላ ነገር የሚያስጨንቀው ቤት ቢሆንስ?

ሮልስ ግን ደረቅ ሰው አልነበረም፤ የቤዝቦል ፍቅር ነበረበት። ለአንድ ወዳጁ በጻፈውና ከሞተ በኋላ በታተመ ደብዳቤ ቤዝቦል ከጨዋታዎች ሁሉ የላቀ የሚሆንበትን ምክንያት ይዘረዝራል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ጨዋታው ለአንድ ዓይነት ሰውነት አለማድላቱ ነው። ቅርጫት ኳስ ረጅሙን ይመርጣል፤ ቤዝቦል አጭሩንም ወፍራሙንም ቀጭኑንም የሆነ ቦታ ያቆመዋል። ሮልስ ሲጽፍ ስለ እጅ አላሰበ ይሆናል። ጨዋታው ግን አንድ እጅ ላለው ወርዋሪም በሩን አልዘጋም፤ አቦትም የገባው በዚያ ክፍት በር ነው።

የሮልስ ክርክር እስከ መጨረሻው ከተገፋ ማንንም ማክበር አይቻልም። ደራሲን፣ ሐኪምን፣ ገበሬን ሁሉ። ዕድል እየተቀነሰ እየተቀነሰ ሲሄድ የሚተርፍ ሰው አይኖርም። ምናልባት ስሕተቱ ክብርን እንደ ደመወዝ መቁጠር ላይ ይሆናል። ደመወዝ የሚከፈለው ለሚገባው ነውና ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ይገባዋል ወይ ተብሎ መመርመሩ ግድ ነው። ለማሊያ መስቀልም ተመሳሳይ ምርመራ ያስፈልጋል ብሎ የወሰነው ማን ነው?

እዚህ ላይ የዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛ ምዕራፍ ይረዳል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው ጥፋቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። ኢየሱስ ሁለቱንም አይቀበልም፤ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲታይ ነው ይላል። ሰባኪዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ጉድለት ይዞ የተወለደ ሁሉ የሆነ ትምህርት ተሸክሞ እንደመጣ አድርገው ይተረጉሙታል። ምዕራፉ ግን ረጅም ነው። ዓይኑ ከበራ በኋላ ሰውየውን ማንም አይተወውም። ጎረቤቶቹ ያ ለማኝ ነው አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ፈሪሳውያን እየጠሩ ይመረምሩታል። ወላጆቹ እንኳ ፈርተው ዐዋቂ ነውና ራሱን ጠይቁት ብለው ይሸሻሉ። ሁሉም ሰውየውን ለየራሱ ክርክር ማስረጃ ሊያደርገው ይፈልጋል። እርሱ ግን ያንኑ ይደግማል፦ ጭቃ አደረገብኝ፣ ታጠብሁ፣ አየሁ። ስለ ኀጢአትና ስለ ጽድቅ ሲጠይቁት አላውቅም ይላል፤ የሆነውን ግን በዝርዝር ያውቃል። በዚያ ምዕራፍ ካሉት ሰዎች ሁሉ ጤነኛ የሆነ ንግግር የሚናገረው እርሱ ነው።

አቦትም የዚህ ዓይነት መርማሪ አላጣም። ገና ተማሪ ሳለ ጋዜጠኞች ወደ አን አርበር ይጎርፉ ነበር፤ አብዛኞቹ የመጡት ጽሑፉን በልባቸው ጽፈው ጨርሰው ነው። ርዕሱ ምንጊዜም «ምንም እንኳ» በሚል ይጀምራል። ምንም እንኳ አንድ እጅ ቢኖረውም አሸነፈ። ውዳሴ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከእንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይጠበቅም የሚል ፍርድ አለ። ከእርሱ በፊት በ1945 ለሴንት ሉዊስ ብራውንስ የተጫወተው ፒት ግሬይ ይህን መራራ ጽዋ ጠጥቶታል። በልጅነቱ ቀኝ ክንዱን ያጣው ግሬይ፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በዘመቱበት የመጨረሻው የጦርነት ዓመት 77 ጨዋታ ተሰለፈ፤ ሕዝቡ ሊያየው ይጎርፍ ነበር። የቡድን አጋሮቹ ግን ለጨዋታ ይሁን ለትኬት መሸጫ የመጣ እንደሆነ ይጠራጠሩ ነበር። ዘማቾቹ ሲመለሱ ግሬይም ከከፍተኛው የፕሮፌሽናል ሊግ፣ ከሜጀር ሊግ፣ ወጣ። ሕዝብ ያጨበጭብለት ነበርና ተከበረ ማለት ይቻላል? ሰው አደባባይ ቆሞ ሲጨበጨብለት የሚዋረድበት ጊዜም አለ።

የጥንት ግሪኮች ስፖርተኛን ማክበር ራሱን ይጠራጠሩ ነበር፤ ሁሉም ባይሆኑ ጥቂቶቹ። ባለቅኔው ዜኖፋኔስ የኦሊምፒያ አሸናፊዎች በከተማው ወጪ ሲበሉ አይቶ፣ የእርሱ ጥበብ ከሰውና ከፈረስ ጉልበት እንደሚበልጥ እያማረረ ጽፏል። ሶቅራጥስም በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ተፈርዶበት ለራሱ ቅጣት እንዲያቀርብ ሲጠየቅ፣ ለኦሊምፒክ አሸናፊዎች የሚደረገው ግብር ለእኔ ቢሆን ይሻላል ብሎ ዳኞቹን አበሸቀ። አርስቶትል ዘንድ ግን የበለጠ የሚያሳስብ ነገር አለ። ክብር የሕይወት ግብ ሊሆን የማይችለው፣ ከሚከበረው ይልቅ በሚያከብሩት እጅ ስለሆነ ነው ይላል። ሰጪዎቹ ሲሰለቹ ያልቃል።

ይህን ሐሳብ ገልብጦ ማየት ይቻላል። ክብር በሰጪው እጅ ከሆነ ኀላፊነቱም የሰጪው ነው። ማሊያ የሚሰቅል ዩኒቨርሲቲ ምስክር ሆኖ እየቆመ ነው፤ እዚህ ቦታ፣ በእነዚህ ዓመታት፣ ይህ ሆነ፤ አይተናል እያለ ነው። ምስክር ደግሞ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ያየውን በትክክል መናገር። ግራ እጁ ከየት መጣች፣ ጽናቱን ማን አወረሰው የሚለው የምስክሩ ሥራ አይደለም። ሳይቀንስ ሳይጨምር የሆነውን ይናገር። ጉድለቱን የሚያጋንን ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ጨዋነት መስሎት እጁን ጨርሶ የማያነሣም እንዲሁ።

የኮሌጅ ስፖርት ክብር ለዚህ ዓይነቱ ምስክርነት ከሌላው የተሻለ ይመቻል፤ የተዘጋ ዘመን ስለሆነ ነው። አቦት ከኮሌጅ በኋላ ያለው ታሪክ ውጣ ውረድ የበዛበት ነው። በ1988 ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ በመጀመሪያው ዙር ስምንተኛ አድርጎ መረጠው፤ በ1989 በዝቅተኛ ሊጎች ሳያልፍ በቀጥታ ሜጀር ሊግ ገብቶ 12 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሲጫወት መስከረም 4 ቀን 1993 ክሊቭላንድን አንድም ንጹሕ ምት ሳይፈቅድ ጨረሰ፤ ይኸው ክሊቭላንድ ከስድስት ቀን በፊት ቀጥቅጦ ከሜዳ አስወጥቶት ነበር። ከዚያ 1996 መጣ፦ 2 ድል፣ 18 ሽንፈት። በጠቅላላው ሜጀር ሊግ ላይ 87 አሸንፎ 108 ተሸነፈ። የኩፐርስታውን ብሔራዊ የቤዝቦል የዝና አዳራሽ መራጮች ድምፅ ሊሰጡበት ሲቀመጡ ይህን ሁሉ ደምረው አዩና አላስገቡትም። በራሳቸው ሚዛን ትክክል ነበሩ። ሚሺጋን ግን የመሰከረው ከ1986 እስከ 1988 ስላየው ነው፤ 1996 ያንን ሊሰርዝ አይችልም። 26 ለ 8 የሆነው ሰው 26 ለ 8 እንደሆነ ይኖራል።

በዚሁ ጉዳይ ሌላ ምሳሌ አለ። የኦክላሆማ ስቴቱ ሮቢን ቬንቱራ በ1987 በተከታታይ 58 ጨዋታዎች ቢያንስ አንድ ንጹሕ ምት መታ፤ ቁጥሩ ጆ ዲማጂዮ በ1941 በሜጀር ሊግ ካስመዘገበው 56 ይበልጣል። የቬንቱራ ተከታታይነት የተቋረጠው በኮሌጆች የዓለም ዋንጫ ላይ ከስታንፎርድ ጋር ነው። በ2003 ደግሞ ዴሚየን ኮስታንቲኖ የሚባል ተጫዋች ሮድ አይላንድ ከምትገኝ፣ የምሕረት እኅቶች መነኮሳት ከመሠረቷት ትንሿ ሳልቬ ሬጂና ዩኒቨርሲቲ፣ 60 አደረሰው። ሳልቬ ሬጂና የምትጫወተው በሦስተኛው ዲቪዚዮን ነውና የአንደኛው ዲቪዚዮን ክብረ ወሰን ዛሬም የቬንቱራ ነው። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ለቡና ሰዓት ይጥማል፤ ለምስክር ግን አስፈላጊ አይደለም። ሦስቱም ሆነዋል፤ እያንዳንዱ በየሜዳው።

አቦትና ቬንቱራ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ላይ በአንድ የአሜሪካ ቡድን ተሰለፉ። ቤዝቦል ገና ለማሳያ የቀረበ ስፖርት ስለነበር ሜዳሊያው ከአገሮች ድምር አይገባም ነበር። በፍጻሜው አቦት ጃፓንን እስከ መጨረሻው ወርውሮ 5 ለ 3 አሸነፈ፤ የቡድን አጋሩ ቲኖ ማርቲኔዝ ሁለት ሆም ራን መታ። የዓለም ኃያል የነበረችው ኩባ ግን አልነበረችም፤ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ጨዋታዎቹን አድማ መትታለች። ኢትዮጵያም እንዲሁ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በላይነህ ዴንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ጨብጧል፤ ያ ሰዓት ከ10 ዓመት በላይ ማንም አልነካውም። መስከረም ላይ ግን የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ ሴኡል አልቆመም። ሮልስ ዕድል ሲል የሚያስበው ስለ ውልደት ነው፤ መንግሥታት የሚያዙት ዕድልም አለ። የሴኡል መዝገብ ስለ በላይነህ የሚለው ነገር የለም፤ አልነበረማ። የሮተርዳም መዝገብ ግን አለ፤ ምስክርነቱ የሚገኘው እርሱ ባለበት ቦታ ነው። ለሴኡል ባዶ ቦታ ማዘን ሌላ፣ ለሮተርዳም መመስከር ሌላ።

በኮሌጅ ስፖርት ላይ አንድ የሚቆረቁር ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊታለፍ አይገባም። ክብር ደመወዝ አይደለም ማለት ደመወዝ ለማይከፍል ሰው ደስ ይላል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለአሠርት ዓመታት ስታዲየም እየሞሉ፣ የቴሌቪዥን ውል እየፈረሙ፣ ለተጫዋቾቹ ግን ከትምህርት ዕድል ያለፈ አይሰጡም ነበር። በቤዝቦል ደግሞ ሙሉ የትምህርት ዕድል እንኳ ብርቅ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን ቡድን ያለው 11.7 ሙሉ የትምህርት ዕድል ብቻ ነበር፤ ያንን ለሁለት ደርዘን ያህል ተጫዋቾች ይከፋፍለው ነበር። ተማሪዎቹ ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ የተፈቀደው ገና በ2021 ነው። እንግዲህ የአንዱን ማሊያ ከሃያ ዓመት በኋላ መስቀል ያልተከፈለውን ዕዳ በአበባ መሸፈን አይሆንም? አንዳንድ ቦታ ይሆናል። ሠርተህ ያልተከፈለህ ሰው ጽዋ ሲሰጥህ ጽዋውን አገላብጠህ ብታይ አይፈረድብህም። ስለዚህ ምስክርነቱ እውነተኛ የሚሆነው ሂሳቡ ለብቻው ሲከፈል ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ወደ እጁ እንመለስ፤ አንድ ያልተነካ ነገር አለና። አቦት ሜጀር ሊግ ከገባ ጀምሮ በየከተማው እጅ ወይም ክንድ ሳይኖራቸው የተወለዱ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሊያዩት ይመጡ ነበር። ከጨዋታ በፊት ያገኛቸዋል፤ ደብዳቤያቸውን ይመልሳል። የአንድ እጅ ሰው ተብሎ መጠራትን የማይወደው ወርዋሪ እነዚህን ልጆች ወርዋሪ ብቻ ነኝ ብሎ ሊመልሳቸው አይችልም። ለእነርሱ ወሬው ያው እጅ ነው። 26 ለ 8 ምን ይሠራላቸዋል?

ይህ የምስክርነቱን ሐሳብ ያፈርሰዋል ብሎ መቸኮል አይገባም። ለስድስት ዓመት ልጅ «ምንም እንኳ» የሚል ጽሑፍ አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ጓንቱ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እጅ እንደሚገባበት፣ ኳሷ ከተያዘች በኋላ በየትኛው ክንድ ሥር እንደሚሸጎጥ ነው። ዮሐንስ ዘጠኝ ላይ ያለው ሰው ስለ ጭቃውና ስለ መታጠቢያው በዝርዝር እንደተናገረው ማለት ነው። በዝርዝር የሚናገር ምስክር እጁን አይደብቅም፤ አያለቅስበትምም። ተጋጣሚዎቹም ከማንም በላይ ያከበሩት እንዲህ ነው። በትምህርት ቤት ዘመኑ መቺዎች ሆን ብለው ኳሷን ነካ እያደረጉ ወደ እርሱ ያንከባልሉለት ነበር፤ በአንድ እጅ አንሥቶ መወርወር አይችልም ብለው። ጨክነው ሞከሩት፤ እያነሣ አወጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ተዉት። በዚያ ጭካኔ ውስጥ ከብዙ የሽልማት ንግግር የሚበልጥ አክብሮት አለ፤ እንደ ማንኛውም ወርዋሪ ድክመቱን ፈለጉ፤ አጡት።

እንደ ማንኛውም ወርዋሪ የሆነበት ሌላም ቦታ አለ፤ ሙሉ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ይህንንም ሊጨምር ይገባል። አቦት በመጨረሻው ዓመቱ በ1999 ለሚልዋኪ ተጫወተ። ሚልዋኪ በዚያን ጊዜ ወርዋሪዎች ራሳቸው ዱላ ይዘው እንዲመቱ በሚያስገድደው ሊግ ውስጥ ነበረች። ከ21 ሙከራ ሁለት ንጹሕ ምት አገኘ። ሁለት እጅ ያላቸው ወርዋሪዎችም አብዛኞቹ ከዚህ ብዙም የተሻለ አይመቱም ነበር።